ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚነሳው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ በምትገኘው ከተማችን በቦሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ውጭ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠራራ ፀሐይ ያሳያል፤ የማራ ወንዝ ነው። የዊልደቢስት መንጋ ወንዙን ሊሻገር ዳር ላይ ተግተልትሏል፣ አዞዎቹ ከውሃው በታች አድፍጠዋል። አንዱ አዞ ጥጃ ሲነጥቅ ሻይ የምትቀዳው ልጅ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

ጥጉ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን አዞውን ትተው ሌላ ነገር ያዩ ነበር። ወደ እኔ ዞር አሉና፣ “ልጄ፣ ምድሩ ደርቋል፣ ደመናም አይታይም። ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚነሳው?” አሉኝ።

ፊልሙ አልነገረንም። እስኪያልቅ ጠበቅሁ፣ አልተነገረም።

መልሱን ለእሳቸው እንደምንም ነገርኳቸው። ማራ የሚነሳው ከኬንያ ደጋ፣ ማኡ ከሚባለው ጫካ ነው። ያ ጫካ ለእርሻና ለሰፈራ ብዙ ተመንጥሯል፤ በዚህ የተነሳ ወንዙ በበጋ እየሳሳ፣ በክረምት ደግሞ እየደፈረሰ መጥቷል። ዓለም ጉድ እያለ የሚያየው የእንስሳቱ መሻገር ተደግፎ የቆመው ካሜራ እምብዛም በማይደርስበት ደጋ ባለ ዛፍ ላይ ነው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ “እንግዲያው እንደኛው ናቸዋ” አሉ።

እንደኛው ናቸው። እኛ የቦሬ ሰዎች ጉም ውስጥ ስለምንኖር ውሃ የሚያልቅ ነገር አይመስለንም። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ምንጭና ጅረት ግን ወደ ገናሌና ወደ ዳዋ ወንዞች ይሄዳል። ከባሌ የሚወርዱት እነ ወልመል ገናሌን ይቀላቀላሉ። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ኦዶ ላይ ይገናኙና ጁባ ተብለው ሶማሊያን አቋርጠው ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። ነጌሌ ቦረና ላይ ያለ አርብቶ አደር ቦናው ሲጠና ከብቱን ወደ ገናሌ ሲነዳ፣ የሚነዳው ወደ እኛ ዝናብ ነው። ዶሎ አካባቢ ያሉት አምስቱ የስደተኞች መጠለያዎችም የሚገኙት በዚሁ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3፣ ከፍታው 110 ሜትር የሆነው ግድብ፣ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከላይ በሚመጣው ውሃ ነው። ምንጩ ከነጠፈ ኮንክሪቱ ብቻውን መብራት አይሆንም።

ገናሌ የሚያሳፍር ወንዝ አይደለም፤ ጉማሬው አለ፣ አዞው አለ። ደግሞ ማራ የሌለው አንድ ወፍ አለው። ሩስፖሊ ቱራኮ ይባላል፤ አረንጓዴ ነው፣ አናቱ ላይ ነጭ ጉትዬ አለው፣ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። በዓለም ላይ የሚገኘው በዚህ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ወፉ በስሙ የተሰየመለት ጣሊያናዊው መስፍን ኤውጄንዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በዚህ አገር ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ወፉ ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ተገኘ፣ ከየት እንደያዘው የሚገልጽ ማስታወሻ ግን አልነበረም። ሊቃውንቱ ወፉን በሕይወት እንደገና ለማየት እስከ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ድረስ ጠበቁ። ያን ሁሉ ዘመን የጉጂ እረኛ በወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ተኝቶ ሲያየው ኖሯል። ቱራኮው የሾላ ፍሬ ይወዳል። ሾላ ደግሞ ለኦሮሞ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ኦዳ ነው፣ ሕግ የሚወጣበት ጥላ ነው። ወንዝ ዳር ያለው ሾላ ሲቆረጥ ወፉም ጉባኤውም አብረው ቤት ያጣሉ።

ይህን ወፍ ከእኛ ከተማ ልጆች ስንቱ ያውቀዋል? የማራን አዞ ግን ሁሉም ያውቃል። ልጆቹን አልወቅስም፤ ያሳያቸው የለም። ስለ ገናሌ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚተርክ፣ በቴሌቪዥን ደጋግሞ የሚታይ ፊልም እንዲሠራ እፈልጋለሁ፣ ስለዚህም ነው ይህን የምጽፈው። ግን ፊልሙ ከጉማሬው እንዳይጀምር እለምናለሁ። ከላይ ይጀምር። ከጉሙ፣ ከቀርከሃው፣ ከዝግባው፣ ውሃ ቋጥሮ በሚያከርመው ጨፌ ይጀምር።

ካሜራው ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ የቦረናን ቱላ ኤላ ያሳየን። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን አባ ሄሬጋ አለ፤ ተራ የሌለው መንጋ ገፍቶ አይገባም። እኛ የውሃ ጥበቃ የምንለው ነገር እዚያ የዕለት ሥርዓት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ሁለቱ የቦረና ዝናቦች ጋናውም ሃጋያውም ሲቀሩ፣ ያ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች እንኳ ከብታቸው በየሜዳው ወደቀ። ውሃ ማከፋፈል ያውቃሉ፤ ዝናብ መፍጠር ግን ማንም አይችልም። ምንጭ መጠበቅ የሚችለው ከላይ ያለው ነው፣ እሱም እኛ ነን።

በዳዋ በኩል ያለውን ወርቅም ፊልሙ አይለፈው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የለገደንቢ ወርቅ ማምረቻ ፈቃድ የታገደው ሕዝቡ “ጤናችን ተነካ” ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነበር። ወንዝ የሚጠጣ ሰው ከማንም በፊት ነገሩን ያውቃል።

የራሴን ሰፈር ልናገር። ቤታችን ሥር አንዲት ምንጭ አለች። ልጅ ሳለሁ ዙሪያዋ ቀርከሃ ነበር፤ እናቴ እንስራዋን አስደግፋ ጎንበስ ስትል ውሃው እጇን ያልፍ ነበር። ቀርከሃው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ አጣና ይሆናል፣ ገንዘብ ያመጣል፤ ለዚህ ማንንም አልረግምም፣ አባቴም ተክሏል። ግን ጠጪ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ብሄድ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው አየሁ። አንዲት ልጅ በጣሳ እየጨለፈች ትሞላለች፤ ጣሳው ሥር አሸዋ ይገባል፣ ትደፋዋለች፣ ውሃው እስኪጠራ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትጨልፋለች። አንድ ጀሪካን እስክትሞላ ከኋላዋ ያሉት እሳት አንድደው ይሞቁ ጀመር። ቦሬ ውስጥ! ዝናብ በማይታጣበት አገር!

ችግኝ መትከል አሁን በየዓመቱ የምንሠራው ሥራ ሆኗል፣ ደስ ይለኛል። የሚጨንቀኝ ምን ያህል ተከልን ማለታችን ሳይሆን ምን ዛፍ የትኛው ምንጭ ራስ ላይ ተከልን የሚለው አለመጠየቁ ነው። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ቀርከሃ በምንጩ ራስ ላይ ቢተከል ባሕር ዛፉ ራቅ ብሎ ከጋራው ጎን መቆም ይችላል። ሁለቱም ቦታ አላቸው።

ከዚያ ሻይ ቤት ከወጣሁ በኋላ ለጎረቤቶቼ ነገሩን አነሳሁላቸው። ሦስት ምሽት ተከራከርን። አንዱ “አጣናው ለልጄ ትምህርት ነው” አለ፣ እውነቱን ነው። በመጨረሻ ከምንጩ ራስ ላይ ያሉት ዛፎች ለባለቤታቸው ገንዘብ ተዋጥቶ እንዲቆረጡ ተስማማን። ትናንት ጠዋት ሄጄ አየሁ። አሥራ ሰባት ጉቶ፣ በየመሃሉ ገና ዱላ የሚያህል ቀርከሃ። ውሃው ገና አልተመለሰም። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እኔ ከመድረሴ በፊት እዚያ ቆመው ነበር፤ ወደ ምንጩ አጎንብሰው ይሰሙ ነበር።