ክርኑን ተዉለት

እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ውስጥ አንድ ልጅ ከመጫወቻ ስፍራ ወድቆ ክርኑ ሲሰበር፣ የመጀመሪያው ቀን ብዙም አያሳስበኝም። ሃኤሜክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በከተማዋ አለ። ኤክስሬይ ይነሳል፤ አጥንቱ ከቦታው ከሸሸ በማደንዘዣ ተመልሶ በቀጫጭን ሽቦ ይያዛል፤ ጄሶ ይደረግለታል። ነገሩ የሚበላሸው በኋላ፣ ቤት ውስጥ ነው።

ጄሶው ሲፈታ ክንዱ ከስቶ፣ ክርኑ ደርቆ ይገኛል። እንደ ልብ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። አያት ይደነግጣሉ፤ «በቅቤ ይታሽ፣ ሳብ ሳብ ይደረግ» ይላሉ። ወጌሻ የሚያውቅ ጎረቤትም አይጠፋም። ወጌሾችን ልንቅ አይደለም፤ ኤክስሬይ በሌለበት ገጠር የስንቱን ወለምታ አቃንተዋል። የልጅ ክርን ግን ጉልበት አይወድም። በኃይል ሲታሽና ሲሳብ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ የማይፈታው መድረቅ ያኔ ይመጣል። በስብራቱ ሰሞን አጥብቆ ማሰር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ደም ተቋርጦ ጣቶች ተኮማትረው የሚቀሩበትን ጉዳት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ጽፎታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም በቀርከሃ ተጠፍሮ እጁ እስከ መቆረጥ የሚደርስ ልጅ አለ።

አብዛኛው ልጅ ያለ ፊዚዮቴራፒ፣ በጨዋታው ብቻ ይፍታታል። ፀጉሩን ያበጥር፣ ሸሚዙን ራሱ ይልበስ፣ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቅ። አብዛኛው እንቅስቃሴ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመለሳል፤ የቀረችው ጥቂት እስከ አንድ ዓመት ልትወስድ ትችላለች። ትዕግሥት የሚያልቅብን እኛ ነን፤ ልጁማ ኳሱን ይዞ ወጥቷል።

ታገሡ ስል እርሱት ማለቴ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንት በርዝመት የሚያድገው 80 በመቶ ያህሉ በትከሻው በኩል ነው፤ የክርኑ ድርሻ 20 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ክርን አጠገብ ጠምሞ የገጠመ አጥንት «ሲያድግ ይቃናል» ተብሎ አይተውም። በክርኑ የውጭ ጎን ተሰብሮ ሳይገጥም የቀረ ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ጎልማሳ ሆኖ፣ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን ሊያደነዝዝበት ይችላል።

እናም ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱን) ቀጠሮ አትሰርዙ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሐኪሙም ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን አዘርግቶ ያነጻጽርላችሁ።