እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ ሽሮፕ



በቀደም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰበታ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «እቴቴ፣ ልጁ አልነቃ አለኝ» አለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ልጇ የዓመት ከሁለት ወር ሕፃን ነው። ጉንፋን ይዞት ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲያለቅስ አድሯል። እሷ ፋብሪካ ስለምትውል ቀን ቀን ጎረቤቷ ትይዝላታለች። ጎረቤቲቱ ለራሷ ልጅ ተገዝቶ የተረፈ ሽሮፕ ነበራትና፣ «ምስኪን፣ ትንሽ እንኳ እንቅልፍ ይውሰደው» ብላ ከሰዓት በኋላ አንድ ማንኪያ ሰጠችው። እናቱ ገብታ ልታጠባው ስታነሳው ዐይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል፤ ጡቱን አይዝም።

«ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አልኳት። ፕሮሜታዚን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። «ውኃም ወተትም አፉ ውስጥ አታድርጊ። ትንፋሹን እያየሽ፣ ጠርሙሱንም ይዘሽ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ውሰጂው» አልኳት። በባጃጅ ሄደች። ሌሊቱን ትንፋሹን ሲከታተሉለት አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሊነጋ ሲል ነቅቶ ጠባ። በማግሥቱ ሄጄ ሽሮፑ የተሰጠበትን ማንኪያ አሳዩኝ አልኩ። የሾርባ ማንኪያ ነበር።

ጎረቤቲቱን መውቀስ አልቻልኩም። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ አፍንጫው ለፈሰሰ ሁሉ ክሎርፌኒራሚን ቆጥሬ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ይህ መድኃኒት በየቤታችን ስላለ ምንም የማያደርግ ይመስለናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አለርጂ መድኃኒቶች እንጫወት።

አለርጂ ሰውነታችን ጠላቱ ያልሆነውን ነገር እንደ ጠላት ሲቆጥረው የሚመጣ ነው። የሣር ብናኝ፣ የቤት አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ አንዳንድ ምግብ ወይም መድኃኒት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ያን ጊዜ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ይለቀቃል። የሚያስነጥሰን፣ ዐይናችንን የሚያሳክከን፣ ቆዳችንን እብጥ እብጥ የሚያደርገው እሱ ነው። የአለርጂ መድኃኒት፣ በሕክምና ስሙ አንቲሂስታሚን፣ ታክሲ ውስጥ ወንበር ቀድሞ እንደሚይዝ ተሳፋሪ የሂስታሚንን ቦታ ይይዝበታል። ስለዚህ ለአለርጂ ማስነጠስ፣ ለዐይን ማሳከክና ለሚያሳክክ ሽፍታ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጉንፋን ግን ከቫይረስ ስለሚመጣ ይህ መድኃኒት አያድነውም።

መድኃኒቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የቀድሞዎቹ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን ናቸው። እነዚህ ወደ አንጎል ስለሚገቡ ያስተኛሉ። በኋላ የመጡት እነ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ወደ አንጎል የሚገቡት በጥቂቱ ነው። ለአዋቂ በቀን አንዴ 10 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ሴትሪዚንም ቢሆን አንዳንዱን ሰው ያስተኛዋል።

በጥቅምትና በኅዳር ሱሉልታ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ሲከመር በማስነጠስ የሚሰቃየው ሰው ብዙ ነው። አንድ ድርቆሽ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር «ማዘር፣ ይህችን ፍሬ ካልዋጥኩ ማስነጠሱ መሪ አያስይዘኝም» ብሎ አሳየኝ። ክሎርፌኒራሚን ነበረች። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው እሷን ውጦ ነው የሚነዳው! «እኔን አታስተኛኝም» አለኝ። ሰው እንቅልፍ ሳይሰማው እንኳ እግሩ ፍሬን ላይ ሊዘገይ እንደሚችል ነገርኩት። በሎራታዲን እንዲለውጥለት ፋርማሲ ጠይቆ፣ የመጀመሪያዋንም በማይነዳበት ቀን እንዲሞክራት፣ ሲጫንም አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን መከርኩት። አረቄም ሆነ ቢራ የሚጨመርበት ከሆነ ደግሞ እንቅልፉ ይበረታል።

እኔ በምኖርበት ቡራዩ ደግሞ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጉንፋን ይዟቸው ከሱቅ የተገዛ የጉንፋን ፍሬ ለሦስት ቀን ዋጡ። ሽንታቸው ጭራሽ ቆመና በቱቦ እስኪወጣላቸው ድረስ ተሰቃዩ። ፕሮስቴታቸው ቀድሞም ያበጠ ነበር። «እህቴ፣ እኔ የዋጥኩት ለአፍንጫዬ ነው፤ ፊኛዬን ምን አገባው?» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን ድብልቅ መድኃኒቶች ውስጥ ክሎርፌኒራሚን አለ። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች አፍንጫን እንደሚያደርቁ ሁሉ አፍንም ያደርቃሉ፤ ሆድ ያደርቃሉ፤ ፊኛም በደንብ እንዳይጨመቅ ያደርጋሉ። ግላኮማ ላለበት ሰው የዐይኑን ግፊት ሊጨምሩበት ይችላሉ። አረጋውያንን ያደነዝዛሉ፤ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ሊጥሏቸው ይችላሉ። የጉንፋን ፍሬ ላይ ሌላ የአለርጂ ፍሬ መደረብም አንድን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መዋጥ ነው።

ወደ ሕፃናቱ ልመለስ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ በመድኃኒቱ ማብራሪያ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። ምክንያቱ ትንፋሽ አዳክሞ ሊገድል ስለሚችል ነው። የሻይ ማንኪያ የሚባለው መጠን 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሾርባው 15 ነው፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሽሮፕ ሁልጊዜ ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ይሰጥ። ሕፃንን ለማስተኛት ብሎ የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ግን በየትኛውም ማንኪያ ቢለካ ልክ አይሆንም።

ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ አፍንጫው በጨው ውኃ ጠብታ ይጽዳለት። ዓመት ካለፈው ለሳሉ ትንሽ ማር ይበቃዋል፤ ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም። ዋናው ትንፋሹን መቁጠር ነው። ተረጋግቶ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሽሮፕ አስተኝቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ምልክት ጉንፋኑ የተሻለው መስሏችሁ ታልፉት ነበር።

መድኃኒት የምትገዙበት ቦታም ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ 4 የተበከሉ የሕፃናት ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንዱ ፕሮሜታዚን ነው። ኩላሊት የሚጎዳ ኬሚካል የተገኘባቸው ሲሆን ከ66 ሕፃናት ሞት ጋር ሊያያዙ እንደሚችሉ ተገልጿል። ስለዚህ ከሱቅ፣ ከመናኸሪያና ከሻንጣ አትግዙ፤ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዙ። የተጠራጠራችሁት መድኃኒት ካለ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጠቁሙ። ፋርማሲ ስትገዙም «1×3» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። «ያስተኛል ወይ? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል ወይ?» በሉ። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆናችሁም ተናገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንብ ነድፎት፣ መርፌ ተወግቶ ወይም የማይስማማውን በልቶ ከንፈሩና ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ የአለርጂ ፍሬ ፍለጋ ጊዜ አትፍጁ። ያን ሰው የሚያድነው ጭኑ ላይ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ አጣድፋችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። አስም የተነሳበትም ሰው የሚያስፈልገው በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል ነው።

የእህቴ ልጅ አሁንም ፋብሪካ ትውላለች፤ ሕፃኑንም የምትይዘው ያችው ጎረቤቷ ናት። ባለፈው እሑድ ስሄድ የተረፈውን ሽሮፕ ሰጠችኝና «ሲስተር፣ እንግዲህ ሲያለቅስ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «እዘዪው፤ ትንፋሹን ቁጠሪ፤ ከጠረጠርሽም ደውዪልኝ» አልኳት። ቁጥሬን በር ላይ ለጥፋዋለች።