የቤተሰብ ዓምድ፦ ትእዛዝ ሲቋረጥ
ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት ካርቱም የግንቦት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ «ሃቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበልም በላላ የሽቦ መገናኛ ሁሉ ይገባል። በዚህ አየር ከልጁ ጋር በቤንዚን የሚሠራ ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ ለማብረር የሚያስብ አባት ከክንፉ አስቀድሞ ሽቦውን ይመርምር እንላለን።

የካንዴላው ብልጭታ የሬዲዮውን መልእክት ሊያውክ ስለሚችል ማቀጣጠያውና መቀበያው የየራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፤ ተራርቀውም ይቀመጡ። የብረት ዘንግ ሁከቱን ያሸጋግራልና የካርቡራተሩ መሳቢያ ከፕላስቲክ ይሁን። መልእክት ሲቋረጥ ነዳጅ መስጫው በራሱ እንዲዘጋ ይስተካከል፤ ማቀጣጠያውን የሚቆርጥ ማጥፊያም ከፕሮፔለሩ ርቆ ይተከል።

ከዚያም ጭራው ታስሮ፣ ልጆች ከኋላ ርቀው ቆመው፣ በእጅ ያለው ማሰራጫ ይጥፋ። ሞተሩ ዝም ካላለ በዚያን ቀን በረራ የለም። ትእዛዝ የማይሰማ ሞተር የልጅን ጣት አይለይምና።