ብጉርን የሚያከፋው ችኮላ ነው

ብጉር የወጣበት ፊት ፋታ አያገኝም። ዛሬ ሎሚ፣ ነገ የጥርስ ሳሙና፣ ከነገ ወዲያ ጓደኛ ያመጣችው ክሬም ይቀባበታል። ብዙ ወጣቶች ለዓመታት የሚያዝኑበት ጥቁር ምልክት ግን ከብጉሩ ይልቅ የመጣው ከዚህ ጥድፊያ ነው። ቀላል ብጉር በቤት ውስጥ በደህና ሊታከም ይችላል፤ ሕክምናው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር መቀባትንና ረጅም ጊዜ መታገስን ነው።

ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም። በጉርምስና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች ቆዳው ብዙ ወዝ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፤ ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ፀጉር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል። መደፈኑ የሚጀምረው ብጉሩ ለዓይን ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት ስለሆነ የትኛውም ትክክለኛ መድኃኒት በሦስት ቀን ውጤት አያሳይም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ፊትን ደጋግሞ ማሸትም ቆዳውን ከማቁሰል በቀር የተደፈነውን አይከፍትም፤ በቀን ሁለቴ ለስላሳ በሆነ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። ፀጉር ላይ የሚደረግ ቫዝሊንና ሌላ ወፍራም ቅባት ወደ ግንባር እየወረደ ብጉር እንደሚያወጣ ደግሞ የቆዳ ሐኪሞች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽፈውበታል።

በጥናት የተፈተኑት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ያላነሰ እንደሚሠራና ማቃጠሉ ግን እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። በርትቶ የሚያቃጥለው የተሻለ ያድናል የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል። አዳፓሊን ቀዳዳው እንዳይደፈን ይከላከላል፤ ማታ በስሱ ይቀባል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትጠቀመው።

እናቶቻችን የተጠቀሙበት ሎሚ ምን አደረገ የሚሉ አሉ። ሎሚ በጣም አሲዳማ ነው፤ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ማንኛውም ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም ፍርጥ ብጉሩ ከዳነ በኋላም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ የማይመከረውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉም የከፋው ለማቅላት ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ነው። በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ እንደ ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አለባቸው። የሚቀቡት ሰዎች ሠርቶልናል ሲሉ አይዋሹም፤ ስቴሮይድ የቆዳውን መቆጣት ስለሚያፍን ፊቱ በቀናት ውስጥ ይጠራል። ሲውል ሲያድር ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ራሱ ስቴሮይዱ አዲስ ብጉር ያወጣል፤ ክሬሙ ሲቋረጥ ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሰውየው ዳግም ወደዚያው ክሬም ይመለሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን መሸጥ በሰው ፊት ላይ መነገድ ነው፣ ቁጥጥሩም ሊጠብቅ ይገባል።

የቆዳ ሐኪም በየከተማው የለም፣ ቢኖርም ገንዘብ ይጠይቃል የሚለው አቤቱታ እውነት ነው። የሐኪም እጥረቱ ግን ያልታወቀ ክሬም ለመቀባት ምክንያት አይሆንም፤ ፊቱ ከተበላሸ በኋላ የሚጠይቀው ሕክምና ከመጀመሪያው ይበልጥ ውድና ረጅም ነው። ጥቂቱ አቅም መዋል ያለበት በእርግጥ ሐኪም ለሚሹት ነው፦ ብጉራቸው ትልልቅና የሚያም እብጠት ለሆነባቸው፣ ጠባሳ መተው ለጀመረባቸው፣ ከሦስት ወር ሕክምና በኋላም ላልተሻላቸው። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለወራት ሲቀቡ የቆዩ ሰዎችም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራሉ፤ እነሱ በድንገት ከማቆማቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፣ የክሬሙንም ቱቦ ይዘው ይሂዱ።