ጥሪውና ዋጋው



ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ቀደም ሲል ታስረው ተፈትተዋል፤ ከአገር የሚወጡበት መንገድም ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋውን ጥሎ መሄድ ግን አልሆነላቸውም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለ እርሳቸው ስናወሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን እንዘነጋለን። እርሳቸውም አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእስር ማቅቀዋል። የሞተ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ የቀረ በየቀኑ።

ቄስ ጉዲና በታፈኑበት በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ መንግሥት እጅ ተገደሉ። ሁለቱ አባቶች በቤተ እምነት ቢለያዩም የጠጡት ጽዋ አንድ ነበር።

ይህ እትም ግን ስለ ሰማዕታት ብቻ አይናገርም። ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ፣ ጉቦ አልነካም ብሎ ከባልደረቦቹ የተገለለውን የቢሮ ሠራተኛ፣ በምሽት የታመሙትን ለመጠየቅ የምትሄደውን እናት በየገጹ ታገኛላችሁ።

«ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛም ጠይቀናል። ያገኘነው መልስ በሂሳብ መዝገብ የሚሰፍር አይደለም፤ ቄስ ጉዲና ሊጠብቁት የቀሩለት መንጋ ግን ዛሬም አልተበተነም።

መልካም ንባብ።

አዘጋጁ