ትልቁ ቁጥርና የአባባ ጁፒተር

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ካርቶን ላይ የትኛው ቁጥር በትልቁ መጻፍ እንዳለበት ከሚወስኑት ሰዎች አንዷ ነኝ። አንድ ዕቃ አሥር ጥሩ ነገር ቢኖረው እንኳ ገዢው በአንድ ዓይን አይቶ የሚገባውን አንዱን መርጠን እናደምቀዋለን። የካሜራ ሜጋፒክስል ሊሆን ይችላል፣ የባትሪ አቅም ወይም የቅናሽ ፐርሰንት። ስለዚህ አሁን የማጫውታችሁ ነገር ሲደርስብኝ ማንንም የመውቀስ ሞራል አልነበረኝም።

ባለፈው ኅዳር ከሜሪላንድ የመጣችው አክስቴ ለልጄ ቴሌስኮፕ ይዛላት መጣች። ካርቶኑ ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው “525” የሚለው ቁጥር ነበር፤ 525 ጊዜ ያጎላል ማለት ነው። ስምንት ዓመቷ ልጄ ካርቶኑ ሳይከፈት ቁጥሩን ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አዳርሳ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ያሰብኩት አባባን ነው።

አባባ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ጁፒተርንና አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቿን ስንት ጊዜ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እንደሣሉ ቆጥረውት አያውቁም። በዓይናቸው ግን አንድም ቀን አላዩዋቸውም። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሷል፤ እንግዲህ ዛሬ ነገ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ቅዳሜ ዕለት ቴሌስኮፑን መኪና ውስጥ ጭነን ሄድን።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ተከልነው። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን ሌንሶች ደራርቤ 525ን አስገኘሁ። ጁፒተርን አነጣጥሬ እስካገኛት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። “አባባ፣ ይምጡ! ይዩ!” አልኩ። ተነሥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ አሉ።

“አዎ… ደስ ይላል” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “እነዚህ የሚንሳፈፉት ጥቋቁር ነገሮች ጨረቃዎቹ ናቸው እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ።

ጠጋ ብዬ ሳይ ጁፒተር የለችም። ባዶ ጥቁር ነው። አባባ ምንም አላዩም ነበር። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ላለማሳፈር የለመዱት አንደበታቸው ነው “ደስ ይላል” ያለው። ወደ ቤት ስንገባ “በዚህ ብርድ ለእኔ ብላችሁ ባትደክሙ ጥሩ ነበር” አሉ። ያ ንግግር አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ችግሩ የሌንሶቹ ጥራት ነው ብዬ ደመደምኩ። ስምንት የዓይን ሌንሶችና ባለቀለም ማጣሪያዎች በአንድ የሚያምር ሻንጣ የተደረደሩበት ስብስብ አገኘሁ። ዋጋው ከቴሌስኮፑ ይበልጣል። “ገዝተሽ ላኪልኝ” ስላት አክስቴ “መጀመሪያ ምን እንደጎደለሽ ዕወቂ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!” አለችኝ። እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

የዓይን ሌንስ፣ በተለምዶ “አይፒስ” የሚባለው፣ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ተነቃይ ሌንስ ነው። የቴሌስኮፑ ትልቁ የፊት ሌንስ ሥራ ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ የሚታየው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚጎላ የሚወስነው ግን አይፒሱ ነው። ሒሳቡ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት በአይፒሱ የትኩረት ርዝመት ታካፍላላችሁ፤ ሁለቱም ዕቃዎቹ ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፈዋል። የእኛ ቴሌስኮፕ 700 ነው። 20 የሚል አይፒስ ሲገባበት 35 ጊዜ ያጎላል። 4 የሚል ሲገባበት 175 ይሆናል። ማጉላቱን በሦስት የሚያባዛው ባርሎው የሚባል ሌንስ ሲጨመርበት 525!

ቁጥር የሚያነስ አይፒስ የበለጠ ያጎላል ማለት ነው። እንደምታዩት የካርቶኑ ሒሳብ ውሸት የለበትም። ያልተነገረን ሌላ ቁጥር ግን አለ። አንድ ቴሌስኮፕ በጥሩ ሌሊት ሊጠቅም የሚችለው ትልቁ ማጉላት የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በሁለት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የእኛ የፊት ሌንስ 70 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጣሪያው 140 ነው። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም፤ ይደበዝዛል። እኛ በመሥሪያ ቤታችን ይህን ዓይነቱን ቁጥር ከካርቶኑ ሥር በደቃቅ ፊደል ነው የምንጽፈው፤ ከጻፍነው።

አባባ ለምን አላዩም?

አንደኛ፣ ብርሃኑ። ከ35 ወደ 525 ስንሄድ ያው የተሰበሰበው ብርሃን 225 ጊዜ በሚበልጥ ስፋት ላይ ይበተናል። አንድ ማንኪያ ቅቤ ለመሶብ ሙሉ እንጀራ እንደማዳረስ ነው።

ሁለተኛ፣ መሬት ትዞራለች። ይህን አባባ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። በ525 ማጉላት የሚታየው የሰማይ ቁራጭ በጣም ጠባብ ስለሆነ ጁፒተር ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከዳር እስከ ዳር አቋርጣው ትወጣለች። አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጎንበስ እስኪሉ ድረስ ሄዳለች። በ35 ማጉላት ቢሆን ከአምስት ደቂቃ በላይ ትጠብቃቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ መነጽራቸው። እንደዚያ ያለ ባለ 4 አይፒስ ዓይን በጣም ካልተጠጋ ምስሉን አያሳይም፤ መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ መጠጋት አይችልም። መነጽር የምታደርጉት ለቅርብ ወይም ለሩቅ ዕይታ ብቻ ከሆነ አውልቃችሁ በቴሌስኮፑ ማስተካከያ ማጥራት ትችላላችሁ። አስቲግማቲዝም ላለበት ግን ማስተካከያው አይረዳም። አባባ አስቲግማቲዝም አለባቸው፤ በጨለማ ደግሞ መነጽራቸውን ካወለቁ ደረጃውም አይታያቸውም።

የሚንሳፈፉት ጥቋቁር ነገሮችስ? እነዚያ የራሳቸው ዓይን ውስጥ ያሉ ናቸው። ማጉላቱ ሲበዛ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ጨረር እንደ ክር ስለሚቀጥን ዓይን ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ነገሮች ጥላቸው ይታያል። አባባ ጨረቃ ፍለጋ የገዛ ዓይናቸውን ጥላ ነበር ያዩት።

ታዲያ ስንት አይፒስ ያስፈልጋል?

ስምንት አያስፈልግም። ጀማሪ ቤተሰብ ሁለት ይበቃዋል፤ ሦስተኛውን ቆይቶ ይጨምራል።

የመጀመሪያው ጥቂት የሚያጎላው ነው። ሰው የሚንቀውም፣ አብዝቶ የሚጠቀምበትም እሱን ነው። እኛ የመረጥነው 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል የሚባለውን ዓይነት ነው። ንድፉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና የመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ዋጋው መካከለኛ፣ ምስሉም ጥሩ ነው። በእኛ ቴሌስኮፕ 22 ጊዜ ያጎላል፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት አራት ጊዜ የሚሆን ሰማይ በአንድ ጊዜ ያሳያል። የምትፈልጉትን ነገር አነጣጥራችሁ የምታገኙት በዚህ ነው። ባለመነጽርም ከነመነጽሩ ያይበታል።

“22 ብቻ?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ሲያገኝ መሣሪያው የሚያጎላው 20 ጊዜ ያህል ነበር።

ሁለተኛው መካከለኛው ነው፤ ለጁፒተር፣ ለሳተርን ቀለበትና ለጨረቃ ጉድጓዶች። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ገዛን፤ 58 ጊዜ ያጎላል። እዚህ ላይ ትንሽ ገንዘብ ጨምሬ ዓይን በ16 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ የሚያይበትን መረጥኩ። ለአባባ መነጽር ስል ነው፤ ልጄም ሌንሱን በሽፋሽፍቷ ሳትነካ ታይበታለች። ቤታችሁ መነጽር የሚያደርግ ሰው ካለ ከማጉላቱ በፊት የምትጠይቁት ይህን ርቀት ይሁን።

ሦስተኛው በሁለት የሚያባዛ ባርሎው ነው። ሲጨመር 12ቱ 117 ጊዜ ያጎላል፣ 32ቱ ደግሞ 44፤ አንዱ የሌላውን አይደግምም። ስብስብ ከመግዛት በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩት። ለምሳሌ ባርሎው ያለው ሰው ባለ 20 ካለው ባለ 10 መግዛቱ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ባርሎውን እኛ ገና አልገዛነውም። ከዋክብት በሚርገበገቡበት ሌሊት አየሩ ራሱ ስለሚናወጥ 117ም አይጠቅምም።

ከማዘዛችሁ በፊት የአይፒሱ ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በማስመሪያ ለኩ። የተለመደው 31.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.25 ኢንች ነው። አንዳንድ አሮጌ ወይም ርካሽ ቴሌስኮፖች 24.5 ናቸው፤ አይገጥምም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ሳጥኑ ውስጥ አይፒስ ላይ የሚጠመድ “የፀሐይ ማጣሪያ” ካገኛችሁ ልጆች ሳያዩት ጣሉት። በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል።

የገና ማታ

ሁለቱ አይፒሶች ለገና በመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልለው ደረሱ። የበዓሉ ዕለት ማታ እንደገና ደብረ ብርሃን ግቢው ውስጥ ተከልነው። አባባ “አሁንም ልትደክሙ ነው?” ብለው ነበር፤ ልጄ እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

በ32ቱ መጀመሪያ ያሳየኋቸው ሰባቱን ከዋክብት ነው። አባባ አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ሰባትን አልፈው፣ ሃያን አልፈው፣ “ኧረ ይሄ ሰባት አይደለም!” ብለው ሳቁ። ልጄም ቀጥላ ቆጠረች፤ በቁጥሩ አልተስማሙም።

ከዚያ ጁፒተርን መሐል አድርጌ አይፒሱን በ12ቱ ቀየርኩት። መነጽራቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ አሉ። በዚህኛው ጊዜ “ደስ ይላል” አላሉም። ምንም አላሉም። ጁፒተር ከዕይታ ልትወጣ ስትል ቴሌስኮፑን በስሱ ገፋሁላቸውና እንደገና አዩ።

“አራት” አሉ በመጨረሻ። “አንዱ በዚህ፣ ሦስቱ በዚያ። በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ልክ እንደምሥለው ነው።” ቀና ብለው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። “ያን ጊዜ እኮ ምንም አላየሁም ነበር።”

“አውቃለሁ፣ አባባ።”

ልጄን ደብተርና እርሳስ አስመጥተው ጁፒተርን እንደ ክብ፣ ጨረቃዎቹን እንደ ነጥብ እንድትሥል አደረጓት፤ ቀኑንና ሰዓቱንም አስጻፏት። በማግስቱ ማታ እንደገና ሲያዩ የነጥቦቹ ቦታ ተቀያይሮ ነበር። ጋሊሊዮም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጨረቃዎቹ ጁፒተርን እንደሚዞሩ ያወቀው ሌሊት በሌሊት ቦታቸውን እየሣለ ነው።

ቴሌስኮፑን እዚያው ትተነው መጣን። ባለ 4ቱና በሦስት የሚያባዛው ባርሎው መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ መሥሪያ ቤት አዲስ ካርቶን ለማጽደቅ ሲመጣልኝ ትዝ ይሉኛል። ሰማዩ ጥርት ባለ ማታ አሁን ስልኬ ይጮሃል። አባባ ናቸው። ሰላምታ የለም፣ እንደምን አመሻችሁ የለም።

“ልጅቷን ጥሪያት” ይላሉ። “ደብተሯን ትያዝ። ዛሬ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከኋላ ተደብቋል።”