ሠዓሊው ሳይኖር አሻንጉሊቱ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለምን ያዳረሰው የላቡቡ ትኩሳት መነሻው ፋብሪካ አልነበረም፤ የሕፃናት መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ አሻንጉሊት በየመድረኩ ሲወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው ይኸው እውነት ነው። በዚህ ዝንጋታ ላይ ተመሥርቶም «ለምን የራሳችን ላቡቡ አይኖረንም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ለጆሮ ይጥማል፤ አገር ወዳድነትም አለበት። መልስ ተብሎ የሚቀርበው ግን አሳፋሪ ነው፤ ለአንድ ፀጉራም አሻንጉሊት የአርቦሬን ወይም የሐመርን ጨሌ በአንገቱ ማጥለቅና ለገበያ ማውጣት። ይህ ሐሳብ የሠዓሊውንም የአርቦሬንም ክብር በአንድ ጊዜ የሚነካ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ካሲንግ ሉንግ እ.ኤ.አ. በ1972 በሆንግ ኮንግ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኔዘርላንድስ ሄደ። የአገሩን ቋንቋ ለመልመድ ሲል የሥዕል መጻሕፍትን ያነብ ነበር፤ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥም የሰሜን አውሮፓን ተረቶች፣ የጫካ መናፍስቱንና ጭራቆቹን አገኘ። ሲያድግ የሕፃናት መጻሕፍት ሠዓሊ ሆነ። ረጅም ጆሮ፣ ሹል ጥርስና ተንኮለኛ ፈገግታ ያላት ላቡቡ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጭራቆች በሠራቸው የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ከሌሎች ፍጡራን ጋር ብቅ አለች። ሀው ቱ ወርክ የተባለ የሆንግ ኮንግ ድርጅት ቅርጿን አሻንጉሊት አድርጎ ማውጣት ቢጀምርም የሚያውቋት ጥቂት ሰብሳቢዎች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሉንግ ፖፕ ማርት ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዝናው የነደደው ሊሳ የተባለችው ታይላንዳዊት ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ2024 ላቡቡን በቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ ከታየች በኋላ ነው። ከመጽሐፉ እስከዚያ ቀን ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው አንድ እጅ ያችኑ አንዲት ፍጡር ደጋግሞ ይሥል ነበር።

ገንዘቡ እርግጥ አስደናቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ላቡቡ የምትገኝበት የጭራቆቹ ቤተሰብ ብቻውን ለኩባንያው 4.81 ቢሊዮን ዩዋን አስገብቷል፤ ይህም ከጠቅላላ ገቢው ሲሶውን ያልፋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ቤጂንግ ላይ በተደረገ ጨረታ የሰው ቁመት ያላት አንዲት ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጣለች። ይሁን እንጂ የዚህ ገንዘብ መንገድ ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለም። ገዢው ውስጡን ሳያይ የታሸገ ሣጥን ይገዛል፤ የሻተው ካልወጣለት ደግሞ ይገዛል። ይህ ለልጅ የቀረበ ዕጣ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም። የቻይና መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ሣጥን ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሸጥ ከልክሏል። በብሪታንያም ገዢዎች በሱቅ ደጃፍ እየተደባደቡ ስላስቸገሩ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አሻንጉሊቱን ለጊዜው ከመደርደሪያ አንሥቶ ነበር። «የራሳችን ላቡቡ» የሚሉ ወገኖች ሠዓሊውን ትተው ሣጥኑን እንደሚመኙ ከንግግራቸው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ቀላልም አይደለም። ሉንግ ራሱ የሰሜን አውሮፓን ሕዝቦች ተረት ወስዶ የለምን? እርሱ ከወሰደ የአዲስ አበባ ነጋዴ የአርቦሬን ጨሌ ቢወስድ ነውሩ ምንድን ነው? ልዩነቱ ሩቅ ሳይኬድ ይገኛል። የኖርዌይ ተረቶች ገና እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአስቢዮርንሰንና በሙ ተሰብስበው በሕዝቡ ቋንቋ ታትመዋል። እነ ቴዎዶር ኪትልሰን ጭራቆቹን ሥለው መልክ ሰጥተዋቸዋል፤ የኖርዌይ ሕፃን ተረቱን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ በገዛ መጽሐፉ ያየዋል። ሌላው አገር ሲወስድ የባለቤቱ ማዕድ አይጎድልም። የአርቦሬ ሕፃን ግን ስለ ራሱ የተሣለ መጽሐፍ ገልጦ ሳያይ ምስሉ ከቱሪስት ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ማለት ነው። ራሱን በመጽሐፍ ከማግኘቱ በፊት በሸቀጥነት ያገኘዋል።

ጨሌውም ቢሆን ዝም ብሎ ቀለም አይደለም። ከጨው ባሕር ሐይቅ በስተሰሜን፣ በወይጦ ወንዝ አካባቢ፣ ከኮንሶ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው የአርቦሬን ሴቶች ሲያይ ቶሎ ዓይኑን የሚስበው በአንገታቸው የተደራረበው ጨሌ ነው። መንገደኛው ውበቱን ያያል፤ የአገሩ ሰው ግን ያነብበዋል። ራሷን ተላጭታ ጥቁር ጨርቅ የተከናነበች ልጃገረድ ገና እንዳላገባች ይታወቃል፤ ጸጉር ያሳደገችው ሌላ ወግ ላይ ናት። ዕድሜ፣ ትዳር፣ ቤተሰብ በአካል ላይ ይጻፋል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ንድፍ አውጪ የልጃገረዲቱን ምልክት ከባለትዳሯ ጋር ቀላቅሎ በአንድ አሻንጉሊት ላይ ቢሰቅል የሠራው ሥራ ከደብዳቤ ላይ ፊደል ቆርጦ ለጌጥ እንደመለጠፍ ነው። ለአንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ብር እየተከፈለ ሕዝቡ ቆሞ የሚታይበት የጉብኝት ልማድ ያመጣው ጉዳት ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ሰውየው ራሱ መቆሙ ቀርቶ አሻንጉሊቱ በምትኩ እንዲቆም ታስቧል።

የኦሞ ሸለቆ ሕፃናት አሻንጉሊት የላቸውም ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ተሳስቷል። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬ ይሠራል፤ ቀንዱን እንደ አባቱ በሬ ያጎብጠዋል፣ ሻኛውን ያሳብጠዋል፣ በረት አጥሮ ያስገባዋል። ያ ልጅ ከብቱን በቀለሙና በቀንዱ አገባብ ለይቶ ያውቃል። ለሕፃናት የሚሥል ሠዓሊ ትምህርት ቤት መግባት ካለበት፣ መግባት ያለበት እዚያ ነው።

ወደ መሀል አገር ሲመለሱም ነገሩ ያው ነው። ማሞ ቂሎን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አይገኝም፤ ሞኝነቱ ለሳቅ፣ ሳቁ ለምክር ሆኖ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። አሥር ልጆች ማሞ ቂሎን ሣሉ ቢባሉ ግን አሥር የማይተዋወቁ ማሞዎች ይወጣሉ። ስም አለው፤ መልክ የለውም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ተረቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል መጽሐፍ ማሳተሙ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ብቻውን ለአንድ ገጸ ባሕርይ ቋሚ መልክ አይሰጥም። ያው ማሞ በሁለተኛውም፣ በአምስተኛውም፣ በአሥረኛውም መጽሐፍ መመለስ ይኖርበታል፤ ለዚያ ደግሞ ያው ሠዓሊ እየተከፈለው በጠረጴዛው ላይ መቆየት አለበት። ይህ እንደሚቻል ጸሐይ የተባለችው ቀጭኔ አሳይታለች። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የፈጠሯት ይህች አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ለሕፃናት እየተመላለሰች ቀረበች፤ ልጆችም አወቋት፣ ወደዷት። የማንንም ብሔረሰብ ጌጥ አልተዋሰችም። የወደዷት ስለተመላለሰች ነው።

እንግዲህ የሠዓሊው ነገር የክፍያና የውል ነገር ነው፤ ይህንን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ሲገልና ሹስተር፣ ሱፐርማን የተባለውን ፍጥረታቸውን ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በፍርድ ቤት ተንከራተቱ። በኢትዮጵያ ለደራሲና ለሠዓሊ መብት የሚሆን ድንጋጌ ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ ሠዓሊው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሆኖም ለሕፃናት መጻሕፍት የሚሥል ሰው ብዙ ጊዜ በሥዕል ብዛት ተቆጥሮ ይከፈለዋል፣ ደረሰኝ ላይ ይፈርማል፣ ዋናውን ሥዕል አስረክቦ ይሄዳል። ምን እንደሸጠ አያውቅም፤ የገዛውም አካል ምን እንደገዛ የሚያውቅ አይመስልም። መጽሐፉ ሲወጣ የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ ይጎላል፣ የሠዓሊው ስም ካለም በውስጥ ገጽ በደቃቅ ፊደል ነው። በላቡቡ ሣጥን ላይ የካሲንግ ሉንግ ስም ይነበባል። የአገር ውስጥ አሳታሚ ከቻይናው ነጋዴ የሚማረው ነገር ካለ ይህን ይማር።

ኢትዮጵያ የስምን ዋጋ የማታውቅ አገር አይደለችም። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲታወቁላት ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡናው ስም የተሟገተ መንግሥት ለአርቦሬ ጨሌ «ማንም ይውሰደው» ሊል አይገባውም። ለማሞ ቂሎ ሠዓሊም እንዲሁ።

ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል የሚባለው መልስ አርቦሬ ሲደርስ ይሰበራል። ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ጥቂት ሺህ ነው። ለጥቂት ሺህ ሕዝብ የሥዕል መጽሐፍ አትሞ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም፤ ለቱሪስት ግን ጨሌ ያጠለቀ አሻንጉሊት ሸጦ የሚያተርፍ ሞልቷል። ገበያው አሻንጉሊቱን ይመርጣል ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የማሠራት ግዴታ የባህል ተቋማትና የትምህርት ቢሮዎች ነው፤ ይህን ግዴታ ለነጋዴ አሳልፎ የሰጠ የባህል ሠራተኛ የተቀጠረበትን ሥራ ትቷል።

ለመጽሐፍ የሚሆን ታሪክ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1993 የአርቦሬ ሽማግሌዎች በግጭት የተቸገሩትን ጎረቤት ሕዝቦች ወደ መንደራቸው ጠርተው የሰላም ጉባኤ አድርገዋል፤ ጦርም ተቀብሯል። ይህ በፊልም ተቀርጾ ውጭ አገር ድረስ ታይቷል። ጦር ሲቀበር ያየ አንድ የአርቦሬ ልጅ፣ በእጁ የጭቃ በሬውን እንደያዘ፣ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ገና አልቆመም። እርሱን የሚሥለው ሰው ከጂንካ ሆነ ከአዲስ አበባ ይምጣ፣ ወይም ከዚያው መንደር ይነሣ፤ ወራት የሚቀመጥበት ወጪ ይመደብለት፣ ውሉ ሥራው ሳይጀመር ይጻፍለት፣ ስሙ ከተራኪው ሽማግሌ ስም ጎን በሽፋኑ ላይ ይውጣ። ረቂቁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አርቦሬ ወርዶ ለሴቶቹ ይታይ፤ የተላጨችውን ራስ ከጸጉረኛዋ፣ የአንዷን ጨሌ ከሌላዋ የቀላቀለ ሥዕል ካለ እነርሱ ይጥሉታል። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ቀጥሎ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሚሆን በጀት አብሮ ይያዝ፤ ያ ልጅ አንድ ጊዜ ታይቶ እንዳይቀር።